የቴአትር ፕሮግራምና የተመልካች ፍርድ

በቴአትር ቤት በር ላይ ለተመልካች የምትታደለው፣ በልማድ «ፕሮግራም» የምንላት ታጣፊ ወረቀት ዕድሜዋ ከአንድ ምሽት አያልፍም። ተመልካቹ ቲኬቱን አሳይቶ ሲገባ ይቀበላታል፤ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ያገላብጣታል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ያራግብባታል፤ ጨዋታው ሲያልቅም ከወንበሩ ሥር ጥሏት ይወጣል። ስለዚህች ወረቀት በቁም ነገር መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ሥራ መፍታት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ስለ መልኳ፣ ስለ ፊደሏ፣ ስለ ዋጋዋና በላይዋ ስለሚጻፈው ቃል ተመልካቾች ሲከራከሩ በጥሞና ያዳመጠ ሰው፣ ከክርክሩ ሥር ሌላ ጥያቄ እንዳለ ቶሎ ይረዳል። ይኸውም ለማን ምን ይገባዋል? የሚለው ነው።

ወረቀቷ በዘመናችን የመጣች ትሁን እንጂ ነገሩ የቆየ ነው። በጥንቱ አቴና፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት፣ ታላቁ የዲዮኒሶስ በዓል ከመድረሱ ቀደም ብሎ «ፕሮአጎን» የተባለ ሥርዓት ይደረግ ነበር። በዚህ ሥርዓት ደራሲው ተዋንያኑን አስከትሎ በሕዝብ ፊት ይቆምና የሚያሳየው ድርሰት ስለ ምን እንደሆነ ያስታውቃል። ተዋንያኑ በጨዋታው ቀን ፊታቸውን በጭምብል ይሸፍናሉ፤ በፕሮአጎን ዕለት ግን ያለ ጭምብል ይቆማሉ። ስለዚህ ሕዝቡ ነገ ንጉሥ ወይም አምላክ መስሎ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በዓይኑ አይቶ ያውቃል ማለት ነው። ኤውሪጲደስ በሞተ ጊዜ ሶፎክሊስ የሐዘን ልብስ ለብሶ፣ የራሱንም ሰዎች ያለ አክሊል አሰልፎ በዚሁ ሥርዓት ላይ እንደ ቀረበና ሕዝቡም እንዳለቀሰ ይተረካል። እንግዲህ ወረቀት ያልነበረው ፕሮግራም ይህን ያህል መናገር ችሎ ነበር።

በእኛ አገር ደግሞ ቴአትር የጀመረው ተመልካቹ የነገሩን ስም እንኳ ገና ባላወቀበት ጊዜ ነው። በሩስያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ያሉትን ድርሰት በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ለመሳፍንቱና ለመኳንንቱ አሳዩ። ድርሰቱ በአውሬዎች ተረት እያመካኘ የዘመኑን አስተዳደር የሚነቅፍ ነበር። ተመልካቾቹ በሕይወታቸው መድረክ አይተው የማያውቁ ቢሆኑም፣ ከአውሬዎቹ ቆዳ ሥር የቆመው ማን እንደሆነ ለመረዳት የማንም ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ከመረዳታቸውም የተነሣ ድርሰቱ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን እንዳይታይ ታገደ። ይህን ታሪክ የማነሣው፣ ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ሰዎች ተመልካቹን እንደ ሕፃን አድርገው ሁሉን ነገር ሊያብራሩለት ሲነሡ፣ የቴራስ ሆቴሉ ተመልካች ትዝ እንዲላቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ አራዳ የቴአትር ሰፈር ሆነ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በተሰናዳችበት በ1927 ዓ.ም. ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማነቃቃት የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ከነፃነት በኋላ እንደገና ተቋቁሞ የሀገር ፍቅር ቴአትር ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱም አዳራሽ ከዚያው አይርቅም። በ1948 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ የብር ኢዮቤልዩ ጊዜ የተመረቀው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ታላቁ ቤት ደግሞ ዝቅ ብሎ በለገሃር በኩል ተሠራ። ከአራዳ ቤቶች ጨዋታ አይቶ ወደ መርካቶ በኩል የሚመለስ ሰው መንገዱ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ነው። ስለ ጨዋታው የሚሰጠው እውነተኛ ፍርድም ብዙውን ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ ከሚሰማው ጭብጨባ ይልቅ በዚህ ቁልቁለት ላይ ይሰማል፤ ሰው እየተራመደ ሲናገር ይሉኝታ ይቀንስበታልና።

በአንድ እሑድ ምሽት ከእነዚህ ቤቶች ከአንደኛው ወጥቼ ከብዙ ተመልካቾች ጋር ወደ ድልድዩ ስወርድ፣ ከፊት ለፊቴ ያሉት ስለዚያ ምሽት ፕሮግራም ክርክር ገጥመው ነበር። አንደኛው የመሥሪያ ቤት ሹም ነበሩ። ወረቀቱ ቀጭን፣ ቀለሙም የደበዘዘ በመሆኑ አልተደሰቱም፤ ፕሮግራም የቤቱ ክብር መታያ ስለሆነ በወፍራም ወረቀት ታትሞ የክብር እንግዶቹ ስም በመጀመሪያው ገጽ ላይ መውጣት ነበረበት ይላሉ። አብሯቸው የነበረው መምህር ግን ስለ ወረቀቱ ውፍረት ግድ የለውም፤ የእያንዳንዱ ክፍል ታሪክ በአጭሩ፣ የደራሲውም የሕይወት ታሪክ ሳይጻፍ መቅረቱን ይነቅፋል። አንድ የመርካቶ ነጋዴ በበኩላቸው፣ «ፎቶግራፉን ካላየሁ ስሙ ብቻ ምን ይሠራልኛል?» አሉ። በመጨረሻ አንድ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ሁሉ ዋጋ ይጨምራል፤ እኔ ለቲኬቱ የከፈልሁት ከምሳዬ ቀንሼ ነው፤ ወረቀቷን በነፃ ከሰጡኝ በማናቸውም ቀለም ብትታተም አልቀየምም» ሲል መለሰ።

ይህ ሁሉ ሲባል ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት ከጎናቸው ይራመዱ ነበር። ድንገት ወደ ተማሪው ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ እስቲ ከወረቀትህ ላይ እይልኝ፤ ያቺ የገረዷን ቦታ የተጫወተችው ልጅ ስሟ ማን ይባላል?» አሉት። ልጅቱ በመድረክ ላይ የተናገረችው ሦስት ቃል አይሞላም፤ ነገር ግን የእመቤቷን ሬሳ ስትሸፍን ያየ ሁሉ ዓይኑን አብሷል። ተማሪው ከመንገዱ መብራት ሥር ቆሞ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈለገ። የልጅቱ ስም የለም። ከዋና ተዋንያኑ ዝርዝር በታች «እና ሌሎችም» የሚል ብቻ ተጽፏል። እናቲቱም፣ «እንዴ! ታዲያ ማን ብዬ ልመርቃት?» አሉ።

ከአራቱ አስተያየት ሰጪዎች ይልቅ የእኚህ ማንበብ የማይችሉ እናት ጥያቄ ነገሩን ከሥሩ የነካው ይመስለኛል። ሹሙ፣ መምህሩ፣ ነጋዴውና ተማሪው ፕሮግራሙ ለእነርሱ ምን ሊሰጣቸው እንደሚገባ ተናገሩ፤ መብታቸውም ነው። እናቲቱ ግን በፕሮግራሙ አማካይነት እርሳቸው ራሳቸው ለሌላ ሰው መስጠት የፈለጉት ነገር ነበረ። ተመልካች በመድረክ ላይ ልቡን የነካውን ሰው ማመስገን ይወዳል፤ ምስጋና ደግሞ ያለ ስም መድረሻ የለውም። ደመወዝ የእጅን ሥራ ይከፍላል፤ እንባ ያስፈሰሰን ሰው ግን ተመልካቹ ራሱ ነው ባለ ዕዳው፤ የዕዳውን ባለቤት ስም የሚያገኘውም ከዚያች ወረቀት ብቻ ነው። «ሌሎችም» የሚለው ቃል በአንድ በኩል ቦታ ይቆጥባል፤ በሌላ በኩል የሰውን ገንዘብ ከደጅ ይመልሳል።

ስለ ስም ከተነሣ፣ ያ ክርክር የተደረገበት ድልድይ ራሱ የሚያስታውሰን ነገር አለ። ድልድዩ የሚጠራው የጦር ሚኒስትር በነበሩትና በ1919 ዓ.ም. ባረፉት በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ነው። ይህ ለእኚያ ታላቅ ሰው የተገባ ክብር ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን በላዩ የሚመላለሰው ሕዝብ ድንጋዩን የጠረበውን፣ ኖራውን ያቦካውን ሰው ስም አያውቅም። ለድልድይ ይህ ምናልባት የማይቀር ነው፤ ሰው ድልድይ የሚሻገረው ሊያመሰግን ሳይሆን ወደ ጉዳዩ ሊሄድ ነውና። ለቴአትር ግን ያው ምክንያት አያገለግልም። በቴአትር ቤት የምንቀመጠው ሰውን ልናይ ነው፤ የሚታየውም ሆነ ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለው ሰው የጉዳያችን ዋና ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ከባሕላችን የሚነሣ ጠንካራ መቃወሚያ አለ፤ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባውም። የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓልያን ግድግዳ ሙሉ ሥዕል ሥለው ብዙዎቹ ስማቸውን አልጻፉም። ብራና ፍቀው መጽሐፍ የጻፉትም ቢሆኑ ስማቸውን ያነሡ እንደሆነ በመጨረሻው ገጽ፣ ያውም አንባቢ በጸሎት እንዲያስባቸው ለመለመን ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ የትሕትና ልማድ ባለበት አገር የመጋረጃ ጎታቹም፣ የመብራት ሠራተኛውም፣ ልብስ ሰፊዋም ስማችን ይታተም ቢሉ ከንቱ ውዳሴ መፈለግ አይሆንምን? ይህን የሚሉ ሰዎች ሁለት ነገር የሚያደባልቁ ይመስለኛል። ሰው የራሱን ስም ቢሠውር ትሕትና ይባልለታል። የሌላውን ስም የሚሠውር ግን በሌላው ሰው ትሕትና እየተመጻደቀ ነው። ሠዓሊው ስሙን የተወው በፈቃዱ ነበር፤ ገረድ ሆና የተጫወተችውን ልጅ ግን ፈቃዷን የጠየቃት የለም። ደግሞም በዚያው ወረቀት ላይ የቤቱ ኃላፊ ስም በወፍራም ፊደል ሲወጣ ስለ ትሕትና ያነሣ ሰው አልሰማሁም።

የስሞችም ቅደም ተከተል ቀላል ነገር አይደለም። በጃፓን የካቡኪ ቴአትር ቤቶች የተዋንያኑ ስም በሰሌዳ ተጽፎ በደጅ ይሰቀል ነበር፤ በሁለተኛው ሰሌዳ ላይ የሚወጣው የመልከ መልካሙ ጎልማሳ፣ በሦስተኛው ደግሞ የአስቂኙ ስም ነው። ከዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ በጃፓንኛ መልከ ቀና ወንድ «ኒማይሜ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ሁለተኛው ሰሌዳ» ማለት ነው። የስም ተራ ይህን ያህል ቋንቋ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ በእኛም ፕሮግራም ላይ ማን እንደሚቀድም የሚወስን ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባዋል። በእኔ አስተያየት ተዋንያኑ ወደ መድረክ በሚገቡበት ተራ፣ በአንድ ዓይነት የፊደል መጠን ቢጻፉ ይበቃል። ተመልካቹም ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ይቀልለዋል፤ ቂምም ይቀንሳል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቀይ ቀለምን ለእግዚአብሔርና ለቅዱሳን ስም፣ ሐረግንም ለምዕራፍ ራስ አስቀርተውት ነበር። ሁሉ ቢቀላ የሚለይ አይኖርምና በመቆጠባቸው ውበቱን ጠበቁት። በዛሬው ማስታወቂያ ላይ ግን አንድ የታወቀ ፊት ግማሹን ገጽ ይዞ፣ ደራሲው ከማተሚያ ቤቱ አድራሻ በላይ በጥቃቅን ፊደል ተጥሎ እናያለን።

መምህሩ ወደ ጠየቀው ነገር እንመለስ። ታሪኩ አስቀድሞ ይነገር ወይስ አይነገር? በ1948 ዓ.ም. ለታላቁ ቴአትር ቤት ምረቃ የታየው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ታሪኩን ከመጽሐፈ ሳሙኤል ያላነበበ ወይም ሲነበብ ያልሰማ ተመልካች በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ኦርዮን እንደሚሞት ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ደብዳቤውን ይዞ ሲሄድ ልብ ይሰቀላል። እንዲያውም የሚሰቀለው ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ታሪክን መናገር በራሱ ጨዋታውን አይገድልም። በዘመናችን ኑሮ ላይ ለተደረሰና ምስጢሩ በመጨረሻ ለሚገለጥ ድርሰት ግን ያው አሠራር ስርቆት ይሆናል፤ ደራሲው ሁለት ሰዓት ሙሉ የደበቀውን በአራት መሥመር አውጥቶ መስጠት ነውና። ከሁለቱም የሚከፋው ሦስተኛ ዓይነት ነው። ይኸውም «ከዚህ ቴአትር የምንማረው» ብሎ የሚጀምረው ጽሑፍ ነው። ተመልካቹ ገና ሳያይ ምን እንደሚሰማው ይነግሩታል። በጨለማው ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ፍርድ መስጠት ከቴአትር ጥቅሞች ሁሉ የሚበልጠው ስለሆነ፣ ይህን አስቀድሞ የሚወስድበት ወረቀት በነፃ ቢታደልም ውድ ነው።

እውነትን መናገርና ጨዋታን መጠበቅ የሚጋጩበት ሌላም ቦታ አለ። በቴአትራችን የመጀመሪያ ዓመታት የሴቶችን ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና። ሙሽራይቱን ዓይቶ ያዘነ ተመልካች ከወረቀቱ ላይ «አቶ እገሌ» የሚል ቢያነብ ስሜቱ አይሰበርምን? አንዳንዱ ስለዚህ ስሙ ይደበቅ ሊል ይችላል። እኔ ግን የአቴናው ልማድ ይሻላል ባይ ነኝ። ጭምብሉ ከመጥለቁ በፊት ፊቱን ያየ ሕዝብ ጭምብሉን ማመን አላቃተውም። የሚያውቀውን ለጥቂት ሰዓት ለመርሳት ፈቅዶ የተቀመጠ ሰው አልተታለለም፤ ያላወቀው ግን ተታልሏል።

ስለ ዋጋ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በለንደን የሳቮይ ቴአትር በ1881 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ፕሮግራሙን በነፃ ማደሉ እንደ አዲስ ነገር ተቆጥሮለት ነበር፤ በኒው ዮርክ ደግሞ ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የንግድ ማስታወቂያ ወጪውን እየሸፈነው በነፃ ይታደል ጀመር። ማስታወቂያ መግባቱን ተማሪው እንደማይጠላ እገምታለሁ፤ የሳሙናው ሥዕል ከደራሲው ስም እስካልበለጠ ድረስ እኔም አልጠላም።

ስለ ፊደል ግን ማተሚያ ቤቶች እንዲያስቡበት የምለው ነገር አለኝ። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በጥቃቅን ቅጥያዎች ላይ ነው። ለጌጥ ተብሎ የተጣመመ ወይም እጅግ የደቀቀ ፊደል «ሉ»ን ከ«ሌ» አያስለይም፤ «ኃይሉ»ና «ኃይሌ» ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በጥቁር መደብ ላይ በቀይ ቀለም የታተመ ስም በቀን ያምራል፤ በአዳራሹ ደብዛዛ መብራት ግን ከነጭራሹ አይታይም። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም አይቶ «ያምራል» ብሎ የሚያደንቅ ተመልካች ብዙ ጊዜ ሳያነበው የሚያደንቅ ነው።

እንግዲህ የተመልካች አስተያየት እስከ ምን ድረስ ይሰማ? ቴአትር ቤቶች ተመልካቹን ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ይልቁንም እርሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ከእርሱ በቀር የሚነግራቸው የለም። ፊደሉ ይነበባል? ታሪኩ አስቀድሞ በመነገሩ ደስታህ ቀንሷል? ዋጋው ከብዶሃል? በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ተመልካቹ ዳኛ ነው፤ አዘጋጁም ፍርዱን መቀበል አለበት። የትንሾቹ ተዋንያን፣ የአስታዋሹና የመብራት ሠራተኛው ስም ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? ተብሎ በድምፅ ብልጫ ሊጠየቅ ግን አይገባም። ከመቶ ተመልካች ዘጠና ዘጠኙ «አናነበውም፤ ይቅር» ቢሉ፣ የሚቀረው ነገር የእነርሱ አይደለም። የሰው ገንዘብ ለባለቤቱ ይመለስ ወይስ አይመለስ ተብሎ በገበያ መካከል ምክር አይያዝም። መቶኛዋም ተመልካች እኚያ ነጠላ የተከናነቡ እናት ሊሆኑ ይችላሉ።

ማንበብ ለማይችሉትም ቢሆን መንገድ አለ። መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው ወጥቶ የድርሰቱን አርእስት፣ የደራሲውንና የተዋንያኑን ሁሉ ስም በድምፅ ቢያነብ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ አዋጅን በነጋሪት ሲሰማ ለኖረ ሕዝብም እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ዛሬ ብዙው ወጣት ማስታወቂያውን ከስልኩ የሚያነብ ሆኗል፤ በስልክ ላይ ደግሞ የቦታ ጥበት ስለሌለ «ሌሎችም» ለማለት የሚቀርብ ምክንያት አይኖርም።

አንድ የቀረ ጉዳይ ቢኖር ስለ ቀኑ ነው። ፕሮግራም ለአንድ ምሽት የሚታተም ስለሚመስል ዕለቱ፣ ወሩና ሰዓቱ በግልጥ ተጽፎ ዓመተ ምሕረቱ የሚዘለልበት ጊዜ አለ። ወረቀቱን ከወንበር ሥር ያልጣለ፣ ከመጽሐፍ መካከል ያስቀመጠ ተመልካች ደግሞ ሁልጊዜ ይገኛል። ከብዙ ዘመን በኋላ የቴአትራችንን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ያንን ወረቀት ቢያገኝ፣ «እሑድ ኅዳር 12 ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት» የሚለውን አንብቦ የትኛው ኅዳር እንደሆነ ማንን ይጠይቅ? ለማተሚያ ቤቱ አራት አኀዝ መጨመር ወጪ አይሆንበትም።